የአምባዬ ትራስ

እትዬ ሀረገወይን የመቱን ገበያ ሰንጥቀው መጥተው፣ ሽቶ ሻጩ ወንድይራድ ፊት ቆሙና ብልቃጡን አፍንጫው ሥር ደቀኑበት።

«ከጎሬ በበቅሎ ጭነህ ያመጣኸው የጽጌረዳ ዘይት ይሄ ነው? ራስ ምታት ይነቅላል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ሳል ያስታግሣል ስትል ትንሽ አታፍርም? አበባ ጨምቀህ ሐኪም ልትሆን!»

ወንድይራድ አንገቱን ደፋ። «እንደ ነገርኩዎ ማታ ማታ ሦስት ሦስት ጠብታ ትራስዎ ላይ አድርገዋል፣ እትዬ?»

«እኔ ትራስ ላይ? ያንተን ቅራሪ? እየሳቅሁብህ በባሌ በአምባዬ ትራስ ላይ አንጠባጠብኩት። እኔ እንደሆንኩ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም!»

«ባለቤትዎስ? ጋሼ ሳል ካለባቸው አልተሻላቸውም?»

«ሳሉማ ከሐሙስ ወዲህ ጠፍቷል!» አሉ በቁጣቸው እንደ ጋሉ።

ከዚያ ብልቃጡን ከአፍንጫው ሥር መለስ አደረጉት።

አምባዬ ከተቀበሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ትራሳቸው ካለበት ጓዳ በየሌሊቱ የሚመጣውን ሳል እትዬ ሀረገወይን «ይሄ የጎረቤት ነው፤ ደግሞ ለሳል ልነሣ!» እያሉ፣ ከንፈራቸውን አጣመው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሲተኙ ኖረዋል።

ገበያተኛው እያያቸው፣ ብልቃጡን ቀስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«ለአምባዬ ሌላ አለህ?» አሉት።