የአምስተኛው ቀን ፈተና

ነዳፊው የሆስፒታል ቀጠሮ በስልክ የሚያሲዝ መተግበሪያ ይሠራ ነበር። የማይነቃነቅ ደንብም አውጥቷል፦ ሦስት ቀን ወረቀት ላይ ይነድፋል፣ በአራተኛው ስልክ ላይ ያወጣል፣ በአምስተኛው ጠዋት ለእናቱ ይሰጣል። እናቱ ያለ ማንም እርዳታ ቀጠሮ ከያዙ ገጹ ያልፋል፤ ከተደናገሩ እንደገና ይነደፋል።

«እሷ ከቻለች አገር ይችላል» ይል ነበር።

ሚስቱ በሥራው ትኮራለች። በአራተኛው ቀን ከቢሮ ሲመለስ «እስቲ ልየው» ብላ ስልኩን ትቀበለውና እናቱ ሽንኩርት ወደሚከትፉበት ማድ ቤት ይዛው ትገባለች።

እናቱ ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ የሚገልጡ ሴት ናቸው፤ መነጽር አይፈልጉም። በፈተናው ላይ ገጹ ተከፍቶ ሳያልቅ ጣታቸው ቦታው ላይ ይደርሳል።

«አለቀ? እኔ ገና ሊጀመር መስሎኝ» ይላሉ፤ ልጃቸው ይስቃል።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ልጃቸው በፈተናው ጠዋት የገጹን ሁለት ቁልፎች ቦታ ባለዋወጠ ዕለት፣ ራሴን አመመኝ ብለው ተኙ። ፈተናው በማግስቱ ሆነ፤ አለፈ።

መተግበሪያው ሥራ ላይ ሲውል የሆስፒታሉ በር በአዛውንት ተጨናነቀ። ሁሉም ስልካቸውን ይዘዋል፤ የት እንደሚጫን ያወቀ ግን የለም። አንድ ሽማግሌ ለልባቸው ብለው የጥርስ ቀጠሮ ይዘው መጡ።

ነዳፊው ደንቡን አልተጠራጠረም። ከፈተና በኋላ ገጾቹን የሚያገኝ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የልጅነት ጓደኛው፣ በሠርጉም ሚዜ የሆነው ፕሮግራመር።

«ወንድሜ፣ አንዲት ነገር አልነካሁም» አለ ፕሮግራመሩ።

«ታዲያ እናቴ ዋሸች?»

ፕሮግራመሩ በሳምንቱ ከሥራ ተባረረ፤ ወሬው ቀድሞት ሌላ ቢሮም የሚቀበለው ጠፋ። አንድ ቀን ሊያስረዳ ወደ ቤት መጣ። በሩን የከፈተችለት ሚስትየው «ግባ» ሳትለው እጀታውን ይዛ ቆመች። እናቱ ከጓዳ አልወጡም። ፕሮግራመሩ «ለእማማ ሰላም በይልኝ» ብሎ ሄደ።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። እናቱ ባለፈው ወር አረፉ። ነዳፊው ደንቡን ዛሬም ለወጣቶች ያስተምራል፤ ከፈተናው በኋላ ማንንም አትመኑ ይላቸዋል።

ፊደል የማይለዩትን አማቴን፣ ልጃቸው ፊት እንዳያፍሩ ብዬ፣ በየአራተኛው ቀን ማድ ቤት ውስጥ ጣታቸውን ይዤ ያስጠናኋቸው እኔ ነኝ።