የአያቶች ስም ጥሪ

«የነቢዩ ዘር ነን ይላሉ፤ ሰባተኛው አያታቸው ላይ ሲደርሱ ግን ምላሳቸው ይተሳሰራል» አለ ዐይዲድ። «ልጄን ለእነዚህ አልድርም።»

«አንተስ ስትጠራ አንዱን አያት ሁለቴ ትቆጥር የለ?» አሉት አጎቱ።

የዐይዲድ እህት ሙዝና ከመጋረጃው ጀርባ ዝላ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። እሷን ለትዳር የጠየቃትንም በዚሁ ቃል መልሰውት፣ ጸጉሯ እዚሁ ቤት ሸበተ። አጠገቧ የወንድሟ ልጅ እርሻ የሚውሉ ሴቶች የሚደፉትን ረጅም የሰሌን ባርኔጣ ደፍታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቆማለች። የልጅቷ ጠያቂ ከነእናቱ ከተምሩ ዛፍ ሥር ይጠብቃታል። የጓሮው በር ግን ሲከፈት ይጮኻል።

ሙዝና ጉሮሮዋን ጠረገች። «ወንድምዬ፣ እስቲ አያቶቻችንን ከነቢዩ ጀምረህ ጥራልን፤ እኔም ረስቻቸዋለሁ።»

ዐይዲድና አጎቱ እየተሻሙ፣ እየተራረሙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጠሩ ጀመር። በሩ ጮኸ።

«አንዱን ዘለልከው» አለች ሙዝና። «እንደገና ጀምር።»