የሶሊ እንቁላል ፍርፍር

ክልሉ በተቋቋመ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ መምህርት የሺአረግ ልብስ አጥባ ከባሮ ወንዝ ስትመለስ፣ የአራት ዓመት ልጇ ሶሊ በረንዳው ላይ ብቻዋን ትጫወታለች። አጠገቧ ባለው የቆርቆሮ ክዳን ላይ የተከተፈ ነጭና ቢጫ አበባ ተበትኗል። አብዛኛው ተበልቷል።

የወንዝ ዳሩ አበባ ነው፤ የሰፈሩ ልጆች እንቁላል ፍርፍር የሚሉት። ስሙን ያወጣለትን እግዜር ይየው! ባለፈው ሳምንት፣ ባሏ ሩፋኤል ለመስክ ሥራ ኢታንግ ሳለ፣ የጎረቤቷ የኛሉዋል ፍየል እሱን በልታ ሞታለች። ያን ዕለት ሶሊ «እንዳትነኪው» ተብላ ጆሮዋን ተቆንጥጣለች።

«በላሽ እንዴ?»

ሶሊ ክዳኑን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«ሶሊዬ፣ አልመታሽም፤ ንገሪኝ።»

ልጅቷ ቢጫ ጣቶቿን ከኋላዋ ደብቃ ማልቀስ ጀመረች።

የሺአረግ ወደ ቤት እየሮጠች ገባች። ሩፋኤል ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኝቷል።

«ተነስ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው!»

«ሂጂ... እደርስባችኋለሁ» አለ ሳይዞር፣ ምላሱ እየተሳሰረ።

እንዲህም ብሎ ባል የለ! ማታ ከኢታንግ ሲገባ ከባልደረቦቹ ጋር ቀማምሶ ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ትታገሠዋለች፤ ዛሬ ግን አንጀቷ እስኪቃጠል ረገመችው። ሶሊን አዝላ በዚያ ሐሩር እግሬ አውጪኝ አለች። ነጠላዋ የት እንደወደቀ እንኳ አላወቀችም።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርስ ፓል የልጅቷን አፍ ከፍቶ አየ፣ ዓይኗን ገለጠ፣ የልብ ምቷን አዳመጠ።

«አስመለሳት?»

«አላስመለሳትም።»

«እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል?»

«ኧረ የለም። መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ነው የመጣችው።»

ፓል ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። «እህቴ፣ ይቺ ልጅ ምንም አልበላችም።»

የሺአረግ እግሩ ላይ ወደቀች። «ወንድሜ፣ አትሸንግለኝ። ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። የሆነ መድኃኒት ስጣት።»

«ደህና ናት እያልኩሽ።»

«ከክዳኑ ላይ አብዛኛው የለም እኮ! ታዲያ ማን በላው?»

ሶሊ ከአልጋው ላይ ሆና እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«አባባ ነው» አለች፤ «ሦስቴ አጎረስኩት፣ ሁሉንም ዋጠልኝ።»