በዋይስዋ ኮምፒውተር ውስጥ

«ይኸው፣ ጀመረው!» ናንጎቢ እጇን ከማውሱ ላይ አንስታ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

ጠረጴዛው ሥር ያለው ኮምፒውተር መጀመሪያ አጉረመረመ። ከዚያ ድምፁ እየወጣ፣ እየወጣ ሄዶ የስቱዲዮው የቆርቆሮ በር መንዘር ጀመረ።

«ሽቦ ነው» አለ ቴኝዋ ወለሉ ላይ በሆዱ እንደተኛ። የባሏ መንታ ወንድም ነው፤ ጠዋት አዲሱን ፕሮሰሰርና ሜሞሪ የገጠመላት እሱ ነበር። «ማራገቢያውን ሽቦ ነክቶት ነው።»

«ቅድምም ሽቦ ነው ብለህ ነበር።»

«የቅድሙ ሌላ ሽቦ ነው።»

በር ላይ ተቀምጠው ኦቾሎኒ የሚፈለፍሉት አማቷ፣ ናሎንጎ፣ ቀና አሉ። «ሽቦ አይደለም። ዋይስዋ ነው።»

«እማዬ፣ በፈጠረሽ!»

«በሕይወት እያለ ሰው ዕቃውን ሲነካበት ይወድ ነበር? አንተን ራስህን ስንቴ በጥፊ አጩሎሃል?»

«ያኔ ልጅ ነበርኩ።»

«አሁንስ ምን ሆነህ ነው?»

ናንጎቢ መሳቅ አማራት፤ አልሳቀችም። ባሏ ዋይስዋ ኢጋንጋ ከተማ ሰርግ ቀርፆ ሲመለስ ሞተር ብስክሌቱን መኪና ከገጨው ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን እሷ ደንበኞቹን ይዛ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ የሰው ሰርግ ታቀናብራለች። ማሽኑ እየተንቀራፈፈ አስቸግሯት ነበር እንጂ እንዲህ ጮኾባት አያውቅም። ዛሬ ደግሞ የአንዲት ሙሽራ እናት ሳይመሽ ቪዲዮዋን ልትወስድ ትመጣለች።

ቴኝዋ ከጎረቤት ሥጋ ጠባሽ የለመነውን ቀጭን እንጨት ወደ ውስጥ ሰድዶ የኋለኛውን ማራገቢያ አቆመ። ጩኸቱ እንዳለ ነው። የፊተኛውን አቆመ፤ እንዳለ ነው። ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን ሲነካ ክፍሉ ድንገት ጭጭ አለ።

«አንተ ነህ ለካ!» አለው ማራገቢያውን። አጥፍቶ ፈታው፤ ሥሩ ያለውን ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀባ፤ አጥብቆ መልሶ ገጠመና አስነሳው።

ናንጎቢ ተቀምጣ የሙሽራዋን ዘፈን ማስተካከል ቀጠለች። ትንፍሽ የለም። ቴኝዋ ላቡን እየጠረገ እናቱን «አላልኩሽም?» በሚል ዓይን አያቸው። ወዲያው የናንጎቢ ስልክ ጠራ፤ የሙሽራዋ እናት ናት። «እየጨረስኩ ነው፣ ምንም አታስቢ» እያለች ስታወራ ማሽኑ እግሯ ሥር አጉረመረመ፣ ከዚያም ጮኸ። ደንግጣ ማውሱን ያዘች። ጭጭ አለ።

እጇን አነሳች። ጠበቀች። ጮኸ። መለሰች፤ ዝም አለ።

የናሎንጎ ጣቶች ኦቾሎኒው ላይ ቆሙ። «ስትነኪው ነው የሚያርፈው» አሉ ቀስ ብለው።

«እስቲ እኔ» አለ ቴኝዋ። ለእሱም ዝም አለ።

«አንተማ መንታው ነህ» አሉ ናሎንጎ።

ቴኝዋ ግን ማውሱን እንደያዘ የሆነ ነገር ገባው። «ሥራ ላይ ነው» አለ። «ሰው ሲቀመጥበት የሚያቆመው፣ ሰው ሲነሳለት የሚቀጥለው ሥራ አለበት። ድሮ ሜሞሪው ስለማይበቃው እየጀመረ ይቆም ነበር። ዛሬ ቻለ።»

«ማን ያዘዘውን ሥራ?» አለች ናንጎቢ።

ስክሪኑ ላይ ጥቂት ፈልጎ አገኘው። ዋይስዋ ሊሞት ሰሞን የጀመረው፣ ተቀናብሮ ያላለቀ ቪዲዮ ነው። ስሙ «የእሷ» ይላል።

ቴኝዋ ወደ ናንጎቢ ሳይዞር «ላጥፋው» አለ። «ማሽኑን ያግለዋል። አንቺንም ከሥራሽ ያጓትትሻል።»

«እሷ ማናት?»

«ናንጎቢ፣ ተይው።»

በቀብሩ ዕለት ማንም የማያውቃት አንዲት ሴት ከሰው ሁሉ ኋላ ቆማ ስታለቅስ ነበር። ናንጎቢ ማንነቷን አልጠየቀችም፤ መልሱን ፈርታ። ያንን ለቅሶ ግን ይዛው ስትተኛ፣ ይዛው ስትነሳ ከርማለች። ቴኝዋም ሴትዮዋን አይቷታል፤ ድምፁ ያስታውቅበታል።

«እስከደረሰበት ድረስ ክፈተው» አለችው።

አንድ አዳራሽ መጣ። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ነው። ከዳር መብራት የተሸከመች ሴት ገባች፣ ደንገጥ አለች፣ ወጣች። ሌላ ሰርግ፤ ያቺው ሴት በቢጫ ቀሚስ ገባች፣ ወጣች። ዝናብ የመታው ድንኳን፤ ገባች፣ ወጣች።

«አንቺ ነሽ እኮ» አሉ ናሎንጎ። መቼ ተነስተው ከኋላቸው እንደቆሙ ማንም አላየም።

መብራቱን የምትይዝለት ናንጎቢ ነበረች። ገመድ ስትጎትት፣ ጥላ ስትሸሽ፣ ሳታስበው ካሜራው ፊት ትገባለች፤ እሱም በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ይጮህባታል። እንዲያውም አንዴ በዚህ አኩርፋው ሳታናግረው ሰንብታለች። ያበላሸችበትን ሁሉ ቆርጦ የሚጥለው ይመስላት ነበር።

ስልኩ እንደገና ጠራ። «ነገ ይደርሳል በላት» አለችው ቴኝዋን፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

የመጨረሻው፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት ያለበት አዳራሽ ነው። ናንጎቢ መብራቷን ይዛ ገባች። «አሁንም ገባሽብኝ!» የሚለው የዋይስዋ ድምፅ ተሰማ፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ወጣች። መስታወቱ ውስጥ ግን እሱ ራሱ ቆሞ ይታያል። ባዶ እጁን አፉ ላይ ጭኖ፣ ካሜራው እንዳይነቃነቅበት እየታገለ፣ ይስቅ ነበር።