ፈጣን ስምምነት

«ሃያ ግንድ እሰጥሻለሁ፤ አርባ ጆንያ ጨው አምጪ» ብለው በኮምፒውተር ጌሙ ላይ ለልጃቸው ጻፉና ሽማግሌው ጨርቅ ነጋዴ ከወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ደገፍ አሉ። ስድቡን ለመቀበል መዘጋጀታቸው ነው። ዋጋው ራሳቸውንም ያሳፍራል፤ ግን በሐፍረት ገበያ አይከፈትም።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ስምምነቱ ተፈጽሟል።» የልጃቸው በቅሎዎች ጨው ተጭነው ከተራራዋ መውረድ ጀመሩ።

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት። «ይሄማ ዓይን ያወጣ ዘረፋ ነው!» የሚል የለም። «አባዬ፣ እግዜርን አትፈራም እንዴ?» የሚልም የለም።

ጌሙን የጫነችላቸው ልጃቸው ናት፣ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ የሄደች ሰሞን። ኮምፒውተሩን ያስቀመጠችውም ከተዘጋው ሱቃቸው በመጣው የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በልጅነቷ እግሯን እያወዛወዘች ስትቀመጥበት በነበረው። እሳቸው ወንዝ ዳር መንደር ቆረቆሩ፣ እሷ ከበላያቸው ተራራው ላይ። ቤት መሥራት፣ ሕዝብ ማብላት፣ ክረምት ሳይገባ እህል ማከማቸት ነው ጨዋታው። ለአባትና ልጅ ግን ጨዋታው ክርክሩ ነበር።

በስልክማ «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ፣ አንቺስ?» ከተባባሉ በኋላ ሁለቱም አፋቸው ይያዛል። በንግዱ መስኮት ሲጻጻፉ ግን ሌላ ሰው ናቸው። ለአንዲት ጆንያ ጨው ሲሟገቱ፣ እግረ መንገዳቸውን ምሳ መብላቷን፣ ጉንፋኑ እንደለቀቃት፣ አለቃዋ ምን ያህል ነዝናዛ እንደሆነ ሁሉ ያውጣጧታል። እሷም ቀላል አይደለችም። ሱቅ ውስጥ ያደገች ልጅ ክርክር ማን ያስተምራት!

ሰሞኑን በመጣው ማሻሻያ «ፈጣን ስምምነት» የሚባል ነገር ገብቷል። አንዴ ከከፈቱት ጌሙ ራሱ በባለመንደሩ ፈንታ ይዋዋላል። ልጅት ከፍታዋለች ማለት ነው።

«እስቲ» አሉ ሽማግሌው። አንድ ግንድ ብቻ አቀረቡና የቀራትን ጨው በሙሉ ጠየቁ።

«ስምምነቱ ተፈጽሟል።»

ነጋዴ ተከራካሪ ደንበኛ አይፈራም። ጨርቁን የሚያጣጥል፣ ተቆጥቶ ወጥቶ ከበር ላይ የሚመለስ፣ እሱ ዘመድ ነው። የሚያስፈራው የተጠየቀውን ከፍሎ ዝም ብሎ የሚወጣው ነው። እሱ ተመልሶ አይመጣም።

ስልክ ደወሉ።

«አባዬ! ደህና ነህ? ስብሰባ ልገባ ነው።»

«ደህና ነኝ። ይሄ የንግዱ ነገር…»

«አየኸው አይደል? አንተ እንዳትደክም ብዬ እኮ ነው። የፈለግከውን ውሰድ፤ ላንተ እንቢ እንዳይል አድርጌዋለሁ።»

«እኔ እኮ አልደከመኝም» ሊሉ ነበር። እንዲህ አንጀት በሚበላ ደግነት ላይ ምን ይባላል? «ተባረኪ ልጄ» ብለው ዘጉት።

ከዚያ እልህ ያዛቸው። እንቢ እስክትል ድረስ ለመጠየቅ ቆረጡ። ብረቷን ጠየቁ፤ መጣ። ሱፏን ጠየቁ፤ መጣ። በመጨረሻ የክረምት እህሏን፣ ጎተራው ተጠርጎ፣ በአንዲት ጭራሮ ጠየቁ። እህሏ ሲነካ እንኳ ሳትጮህ አትቀርም ብለው ስልኩን ወደ ክንዳቸው አስጠጉት። በቅሎዎቹ መጥተው እህሉን አራገፉና ባዶ ጀርባቸውን ይዘው ተመለሱ። ስልኩ አልጮኸም።

ተራራው ላይ በረዶ መውረድ ጀመረ። ከቤቶቿ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ጭስ አንድ በአንድ ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ ሰዎቿ ጓዛቸውን ጠቅልለው ቁልቁል ሲመጡ ታዩ። ከፊት ቀይ ሻርፕ ያደረገችው የመንደሩ አለቃ ናት፤ ልጃቸው እሷን ራሷን እንድትመስል አድርጋ የሠራቻት። ወርዳ ወርዳ ከሽማግሌው መንደር በር ላይ ቆመች። ከራሷ በላይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ርቦናል። ታስገባናለህ?»

ሁለት ምርጫ ቀርቦላቸዋል፤ ማስገባት ወይም ስንቅ ሰጥቶ መሸኘት። ካስገቧት ተራራው ላይ ያለው መንደር ይፈርሳል፤ እሷ ግን እዚህ፣ ከእሳታቸው ዳር ትቀመጣለች። ከሄደች ጀምሮ እንዲህ ቀርባቸው አታውቅም። ናፍቃቸዋለች፤ ያችን ጣት የምታህል ባለ ሻርፕ ለማየት እንኳ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጉ።

ግን ቤቷ ነው። ድንጋዩን አንድ በአንድ ስትደረድር ከታች ሆነው አይተዋታል።

በቅሎዎቻቸውን ሁሉ አወጡ። እህሉን፣ ሱፉን፣ ብረቱን፣ ጨዉን መልሰው ጫኑ፤ ከራሳቸው ጎተራም ጨመሩበት። ዋጋ በሚለው ቦታ ላይ ጣታቸው ትንሽ አመነታ። «አንድ ስድብ» ብለው ጻፉና ላኩት።

«ስምምነቱ ተፈጽሟል።»

ቀዩ ሻርፕ ዞረ። በቅሎዎቹን አስከትላ በበረዶው ውስጥ ሽቅብ መውጣት ጀመረች፤ እያነሰች፣ እያነሰች ሄዳ ከተራራው ጋር ተቀላቀለች። ተኩላ እንዳይገባ የመንደሩን በር መዝጋት ነበረባቸው።

ክፍቱን ተዉት።