ከቀመር መኪና የተፈታው ማኒፎልድ

ረዲ፣ ሮቤ ከተማ ባለው ጋራዡ የሐጂ ዲኖን አሮጌ የጭነት መኪና ሞተር ሲቀይር ውሎ ዝሏል። የቀረው የጭስ ማኒፎልዱን፣ ከአራቱ ሲሊንደሮች ጭስ የሚቀበለውን ብረት፣ መምረጥ ነው፤ አዲስ የተገዛው ወይስ የሐጂ ልጅ ቀመር አምና ጎሮ መንገድ ላይ ተገልብጦ ከሞተበት መኪና የተፈታው?

“የልጄን እሰርልኝ” አሉ ሐጂ።

“ቶሌ፣ እሺ ሐጂ።”

ቀኑን ሙሉ ካፊያ ሲመታው የዋለውን ብረት ከመሬት ሲያነሳው እጁን ለበለበው። ለመደንገጥ እንኳ ጉልበት አልነበረውም። የማይሠራ ሲሊንደር ብረቱን አያሞቅምና፣ ሞተር ሲፈትሽ እንደለመደው አራቱም አፎች ላይ ውኃ ጠብ አደረገ። ሦስቱ ላይ ውኃው ችስ ብሎ ተነነ። አራተኛው ላይ ግን እንዳለ ቆመ።

ቀመር በሞተበት ቀን ከጋራዡ ሲወጣ፣ “አራተኛው ሲሊንደር አልሠራ ብሏል፤ ስመለስ ታየዋለህ” ብሎት ነበር የሄደው።