«ምንም አልጎደለንም» ያልን ቀን

«ሞቷል ወይስ አልሞተም? እሱን ብቻ ንገረኝ!»

ስልኩ ላይ ጮህኩ… የትምህርት ቤቱ ቢሮ ውስጥ የነበሩት መምህራን ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«በሕይወት አለ እህቴ…» አለኝ የባለቤቴ የጦር ጓደኛ። «ግን አከርካሪው ተመቷል።»

«ነፍሱ ካለች ሌላው ዕዳው ገብስ ነው!» አልኩት።

የምጽፍበት መዝገብ ላይ ተደፍቼ ከደስታ ብዛት አለቀስኩ… ምን እንደሚጠብቀን አላውቅማ!

ከአምስት ወር በኋላ በቃሬዛ ቤት ገባ።

ከወገቡ በታች አይሰማውም። ቀኝ እጁ አይጨብጥም። ውኃ እንኳ እኔ ነበርኩ የማጠጣው።

ደግነቱ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ደረሰልን። ተኝቶ ብዛት ገላው እንዳይቆስል የአየር ፍራሽ ሰጡን… በሳምንት ሦስት ቀን ደግሞ እጅና እግሩን የምታሠራ ፊዚዮቴራፒስት ይልኩልን ጀመሩ።

ቀጭን ልጅ ናት፤ ድምጿ ግን ሰፈር ይሰማል። ባለቤቴ «አስር አለቃ» ብሎ ስም አወጣላት።

«መጣች! ልታሰቃየኝ ነው፣ በሩን ዝጊው!» ይለኛል።

«ክንድህን አንሳ! ወታደር ነኝ ትላለህ፣ አንድ ጣሳ ማንሳት አቃተህ?» ትለዋለች።

በዓመቱ በገዛ እጁ ጣሳ ይዞ ውኃ ጠጣ። ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ… ሦስታችንም አጨበጨብን።

እሷ ግን በር ላይ ጠርታ እውነቱን ነገረችኝ። «እህቴ፣ ይሄ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ካቋረጥን ያገኘውን ሁሉ ያጣዋል።»

ድጋፉ የሚቀጥለው ደግሞ በየዓመቱ ታይቶ ነው። የሚያዩት አንድ ጡረታ የወጡ ኮሎኔል ናቸው አሉን።

እኔ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነኝ። በእኛ ዘንድ ነጻ ትምህርት የሚቀጥልለት ጥሩ ውጤት ላመጣ ተማሪ ነው።

ስለዚህ ባለቤቴን ለፈተና አዘጋጀሁት!

ጢሙን ላጨሁት። ሸሚዙን ተኩሼ አለበስኩት። ሳይደገፍ መቀመጥ ስለማይችል ከጀርባው ትራስ ወሸቅሁና በጃኬት ሸፈንኩት።

ወገቡ ላይ ከአራት ቀን በፊት የተከፈተ ቁስል ነበር። «ለአስር አለቃ እንዳትነግሪ፣ ትጮህብኛለች» ብሎኝ ነበርና ራሴ አጥቤ አሸግኩት።

ኮሎኔሉ ገቡ። እሱም ገና ሲያያቸው አንገቱን ቀጥ አደረገ።

«እንዴት ነህ ልጄ?»

«ደህና ነኝ ጌታዬ!»

«ቁስል አለብህ?»

አንድ ጊዜ አየኝ… «ድኗል ጌታዬ!»

«የጎደለህ ነገርስ?»

«ምንም የለም ጌታዬ!»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ልጄ? የምትጨምሪው አለ?»

«ተመስገን ነው አባቴ… ምንም አልጎደለንም።»

ጻፉ። አንብቤ ፈረምኩ። ሄዱ።

«ምነው ስለ ቁስሉ ብትነግራቸው?» አልኩት።

«አለቃ ፊት ማላዘን አልለመድኩም። አንቺስ? ምላስሽን ዋጥሽው እንዴ?»

ሳቅን… እግዚአብሔር ይቅር ይበለንና፣ እኛ ሳቅን።

በወሩ አስር አለቃ ቀረች። «ወደ ሌላ ቤት መድበውኛል» ብላ በስልክ ተሰናበተችን።

ፍራሹ ተነፈሰ። የሚቀይርልን ጠፋ።

«ገንዘቡን በልተውት ነው!» አለች ጎረቤቴ። እኔም አመንኳት። ማኅበሩ ጋ ሄጄ ልጠይቅ ስል ባለቤቴ እጄን ያዘኝ።

«አትለምኚብኝ። ቢኖራቸው ይመጡ ነበር።»

እሺ አልኩት…

መጀመሪያ ጣሳው ከእጁ ወደቀ። ቀጥሎ ጣቶቹ ተቆለመሙ። ቁስሉ ውስጥ ውስጡን ሄዶ አጥንት ጋ ደረሰ።

ሆስፒታል ስናደርሰው «ደሙ ተመርዟል፤ ዘግይታችኋል» አሉን።

በዘጠነኛው ቀን አረፈ።

ለቅሶ ቤት ኮሎኔሉ ከዘራቸውን ተደግፈው መጡ። ሰው እንዳለ ረሳሁት።

«አሁን ነው የሚመጡት?! ስትረሱት ከርማችሁ!»

እንባዬን እስክጨርስ ጠብቀው አንድ ወረቀት ከቦርሳቸው አውጥተው አስነበቡኝ።

«ቁስሉ ድኗል። ራሱን ችሎ ይቀመጣል። ቤተሰቡ ተጨማሪ ድጋፍ አልጠየቀም።»

ከሥሩ የእኔ ፊርማ…

«ልጄ፣ እኛ የተሻለውን እናቆምና የባሰበትን እናስገባለን። ተራ የሚጠብቁ አርባ ሰዎች ነበሩ። ቦታው ለሌላ ቁስለኛ ተሰጠ… አንድ ጊዜ ደውለሽ ቁስል አለበት ብትዪን ኖሮ እንመልሰው ነበር።»

የፈረምኩ ቀን ያንን ወረቀት ሳነብ ሙገሳ መስሎኝ ነበር። የጎበዝ ተማሪ ካርድ መስሎኝ!

«እኔም ወታደር ነበርኩ» አሉ። «ወታደር ለአለቃው ምን ብሎ እንደሚመልስ አውቃለሁ። ሸሚዙን ገልጬ ማየት ነበረብኝ።»

የምጣላው ሰው አጣሁ። እሳቸውም አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ… የተመለሰልን ግን የለም።

ወገኖቼ፣ ሊረዳችሁ የመጣን ሰው እንደ እንግዳ አትቀበሉት። ቤታችሁን አሳምራችሁ፣ ቁስላችሁን ሸፍናችሁ አትጠብቁት። እናንተም ልትረዱ ስትሄዱ የሰውን አፍ ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ።

እኔ ይሄን የተማርኩት ለማንም በማይጠቅምበት ሰዓት ነው። ቢያንስ ለእናንተ ይጥቀም።

እስቲ ልጠይቃችሁ… «ምን ጎደለህ?» የሚል ሰው ደጃችሁ ቢመጣ እውነቱን የምትነግሩት ስንቶቻችሁ ናችሁ? የማትነግሩትስ ምን ይዟችሁ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አንድ በአንድ አነባለሁ።

ከመጻፋችሁ በፊት ግን ለባለቤቴ ነፍስ ጸልዩልኝ… ቦታውን ላገኘው ለዚያ ለማላውቀው ቁስለኛም ጭምር።